ባለ መብቱ ዝም ሲል

በሸራ ጀልባ ውድድር ውስጥ ለውጭ ተመልካች ግር የሚል ነገር አለ፤ በአብዛኛው ውድድር ውኃው ላይ ዳኛ የለም። ፊሽካ የሚነፋ፣ ካርድ የሚያወጣ ሰው አይታይም። ሁለት ጀልባዎች መንገድ ተሻምተው ለመጋጨት ሲቃረቡ ተበደልኩ የሚለው ተወዳዳሪ ወዲያውኑ «ፕሮቴስት!» ብሎ ይጮኻል፤ የጀልባው ርዝመት ከስድስት ሜትር የማያንስ ከሆነ ቀይ ባንዲራም ይሰቅላል። ከዚህ በኋላ ነገሩ መጀመሪያ የሚመራው ወደ ተከሳሹ ኅሊና ነው። ማጥፋቱን ያመነ ከሌሎቹ ፈንጠር ብሎ ጀልባውን በአንድ አቅጣጫ ሁለት ጊዜ ያዞራል፤ ያገኘውን ደረጃ በገዛ እጁ አቃጥሎ ውድድሩን ይቀጥላል። ከባድ ጉዳት አድርሶ ወይም በጥፋቱ ብዙ አትርፎ ከሆነ መዞሩ አይበቃም፤ ውድድሩን ጥሎ ይወጣል። አላጠፋሁም የሚለው ደግሞ የብስ ላይ ከወረደ በኋላ ችሎት ፊት ይቀርባል፤ ምስክር ይሰማል፣ ፍሬ ነገሩ ይጣራል፣ ይፈረዳል። ስፖርቱን የሚያስተዳድረው ወርልድ ሴይሊንግ በየአራት ዓመቱ የሚያሻሽለው የደንብ መጽሐፍ፣ ከጥር 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሠራበትም እትም ቢሆን፣ ገና ከመግቢያው የሚያስቀምጠው መርሕ ተወዳዳሪዎች ደንቡን ማክበር ብቻ ሳይሆን ማስከበርም እንደሚጠበቅባቸው ነው። ማስከበር የምትለው ቃል ላይ ነው የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ የሚነሣው።

ለባሕር ዳር አንባቢ ይህ ምኑ ነው ቢባል መልሱ ቅርብ ነው። የጣና ታንኳ የሚሄደው በሸራ ሳይሆን በመቅዘፊያ ነው። (የጣና ደንገል ሸራ ተሸክሞ አያውቅም ግን አይባልም፤ ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1969 እ.ኤ.አ. አትላንቲክን ለማቋረጥ የተነሣባት «ራ» የተባለችው ጀልባ የተሠራችው ከጣና በተቆረጠ ደንገል ነበር።) ነገር ግን ከሸራው በስተጀርባ ያለው ጥያቄ በደሴቶቹ ገዳማት ለዘመናት ሲጠየቅ የኖረው ነው፤ መብቱ የተነካበት ሰው መጮኽ ይገባዋል ወይስ መተው? አስተዳደጋችን መልሱን ያዘነበለው ወደ መተው ነው። «ተወው፣ ለእግዜር ስጠው» የሚባል ሰው ጨዋ ነው፤ «መብቴን» የሚል ሰው ነገረኛ ነው። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ በተቃራኒው ይቆማል። ሰው መተው የሚችለው የራሱን ድርሻ ብቻ ነው፤ ደንብ ግን የአንድ ሰው ድርሻ ስላልሆነ ባለ መብቱ ዝም ባለ ቁጥር የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው።

ለመጀመር ያህል በውኃ ላይ ቅድሚያ ማለት ምን እንደሆነ በቅጡ ማየት ይጠቅማል። በውድድሩ ደንብ ነፋስ በግራ ጎኑ የሚመጣበት ጀልባ በቀኙ ለሚመጣበት ይለቃል፤ ነፋሱ በአንድ ጎን እየመታቸው ጎን ለጎን የሚሄዱ ከሆነ ነፋሱ ወደሚመጣበት በኩል ያለው ለሌላው ይለቃል፤ ከኋላ ያለው ለፊተኛው ይለቃል። ልብ በሉ፤ ደንቡ ለማንም «መንገዱ ያንተ ነው» ብሎ አይሰጥም። አንድ ጀልባ ቅድሚያ አለው የሚባለው ሌላው የመልቀቅ ግዴታ ስላለበት ነው፤ መብቱ የሌላው ግዴታ ጥላ እንጂ ራሱን የቻለ ርስት አይደለም። ባለ ቅድሚያውም ቢሆን ነፃ አይደለም። ግጭትን ማስቀረት እየቻለ ካላስቀረ እሱም ደንብ ጥሷል፤ አቅጣጫ ሲለውጥም ሌላው መሸሻ እንዲያገኝ ፋታ መስጠት አለበት። ለመርከቦች የወጣው የ1972 (እ.ኤ.አ.) ዓለም አቀፍ የግጭት መከላከያ ደንብ ደግሞ አንድ ርምጃ ይጨምራል፤ ባለ ቅድሚያው ጉዞውንና ፍጥነቱን እንዳለ የመጠበቅ ግዴታ ይጥልበታል። ሌላው ብቻውን ግጭቱን ሊያስቀር እንደማይችል እስኪታይ ድረስ ባለ ቅድሚያው በይሉኝታ ወዲያ ወዲህ ቢል፣ ሊለቅለት የተነሣውን መርከብ ግራ ያጋባዋል፤ «እለፍ»፣ «የለም አንተ እለፍ» ሲባባሉ ሁለቱም ወደ አንድ ወገን ይታጠፋሉ። በውኃ ላይ ያለ ቦታው የመጣ ትሕትና ሰው ይገድላል። እንግዲህ መብቱን ይዞ መቆም ራሱ ለሌላው የሚደረግ አገልግሎት የሚሆንበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

የተቃዋሚው ክርክር ግን ቀላል አይደለም፤ በሙሉ ኃይሉ ሊሰማ ይገባዋል። ከግብፅ በረሓ አበው የሚተረክ አንድ ታሪክ አለ። አብረው የኖሩ ሁለት አረጋውያን ተጣልተው አያውቁም ነበር። አንዱ እስቲ እንደ ዓለም ሰዎች እንጣላ ብሎ በመካከላቸው ጡብ አስቀመጠ። እኔ የኔ ነው እላለሁ፣ አንተም የለም የኔ ነው ትላለህ፣ ጠብ የሚጀመረው እንዲህ ነው አለው። የኔ ነው፣ የለም የኔ ነው ተባባሉ። በመጨረሻ አንደኛው፣ እንግዲያስ ያንተ ከሆነ ውሰደው ብሎ ተወለት፤ መጣላት አልቻሉም። ሐዋርያው ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክቱ ወንድም ወንድሙን መክሰሱን ነቅፎ፣ ከመካሰስ መበደልን ለምን አትመርጡም ብሎ ይጠይቃል። አብርሃምም የእረኞቹና የሎጥ እረኞች በግጦሽ ሲጣሉ ታላቅነቱ መብት እየሰጠው ምርጫውን ለታናሹ ተወለት። በዚህ መስፈርት «ፕሮቴስት!» ብሎ መጮኽ መንፈሳዊ ሽንፈት ነው፤ የክርስቲያን ጀልባ ቀይ ባንዲራ ሊኖረው አይገባም ያሰኛል።

መልሱ ያለው ግን በዚያው በጡቡ ታሪክ ውስጥ ነው። አረጋውያኑ ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ጡቡም የሁለቱ እንጂ የሌላ የማንም አልነበረም። ውድድር ላይ ግን ሦስተኛ ጀልባ አለ። ሁለተኛው ጀልባ በአንደኛው ተበድሎ «ይሁን» ብሎ ቢተወው፣ አጥፊው በጥፋት ያገኘውን ደረጃ ይዞ ይገባል። በዚያው ቦታ ላይ ደንቡን አክብሮ ለሌላ የለቀቀው፣ በመልቀቁም ወደ ኋላ የቀረው ሦስተኛው ጀልባ ግን ከአጥፊው በታች ይመዘገባል። ሁለተኛው ይቅር ያለው የራሱን ቁስል ነው ብሎ ያስባል፤ በእውነቱ የሰጠው የሦስተኛውን ደረጃ ነው። ደንቡ ይህን ስለሚያውቅ ክስ የማቅረብ ሥልጣንን ለተበዳዩ ብቻ አልሰጠም፤ ድርጊቱን በዓይኑ ያየ ሌላ ተወዳዳሪም መክሰስ ይችላል። በሰው ገንዘብ የሚደረግ ቸርነት ቸርነት አይባልም።

ቅዱሳት መጻሕፍቱም ሙሉ ታሪካቸው ሲነበብ ከዚህ አይርቁም። ለሎጥ ግጦሹን የተወው አብርሃም በቀጣዩ ምዕራፍ ሎጥ ተማርኮ ሲወሰድ አልተወም፤ 318 ቤተሰቦቹን አስታጥቆ እስከ ዳን ድረስ ተከታተለ። ይህ ቁጥር ለእኛ ምእመናን ከኒቅያ ሊቃውንት ቁጥር ጋር አንድ በመሆኑ በቀላሉ አይረሳም። ያው ሰው ነው፤ የራሱን ሲሆን ለቀቀ፣ የሌላው ሲሆን አልለቀቀም። ጳውሎስም በፊልጵስዩስ ያለ ፍርድ ተገርፎ ከታሰረ በኋላ ገዢዎቹ በስውር ሊለቁት ሲልኩበት እሺ ብሎ አልወጣም፤ ራሳቸው መጥተው ያውጡን አለ፤ በቂሳርያም ወደ ቄሳር ይግባኝ ብሏል። በፊልጵስዩስ ገና የተመሠረተች ትንሽ ማኅበር ከኋላው ትቀር ነበርና፣ እሱ ዝም ብሎ ቢወጣ ነገ እንደዚያው ያለ ፍርድ የሚገረፉት እነሱ መሆናቸውን የሚያስተውል ሰው ድርጊቱን ይረዳዋል። በሐይቁ ዳርቻ ያሉት ሙስሊም ወገኖቻችንም የአላህ ሐቅና የሰው ሐቅ የሚለውን ልዩነት ያውቁታል፤ የራሱን ሐቅ ባለቤቱ ይቅር ሊል ይችላል፣ የሌላውን ሐቅ ግን ማንም በሱ ስም ይቅር ማለት አይችልም።

የአገራችን የጥንት ሙግት ይህን ነገር ከሸራ ጀልባዎቹ ደንብ በፊት ያውቀው ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። አንድ ሰው መንገድ ላይ በሌላው ሲበደል «በሕግ አምላክ!» ይላል። ይህ ጥሪ የተባለበትን ሰው ባለበት ያቆመዋል፤ ከዚያ ወዲያ ቢገፋ የሚበድለው ጠሪውን ብቻ ሳይሆን የተጠራበትንም ነው። ድሮ ሁለቱ የነጠላቸውን ጫፍ ከጫፍ አቆራኝተው ዳኛ ፍለጋ ይሄዱ ነበር፤ የሚያስችል መንገደኛ ካገኙም ዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጠው ይሟገቱበት ነበር። ጠሪው «በእኔ አምላክ» አላለም። የተነካው የኔ ጥቅም ብቻ ቢሆን ኖሮ አምላኩን መጥራት አያስፈልግም ነበር፤ የተነካው ሕጉ ነው፣ ሕጉም ባለቤት አለው ማለቱ ነው። አጥፊው ባልታወቀ ጊዜ ይደረግ የነበረው አውጫጭኝም ከዚያው ሐሳብ የመጣ ነው፤ የአገሩ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ያየ የሰማ እስኪናገር አይበተንም ነበር። ለገበሬው ሥራ ማስፈታቱና ለሐሰት ጥቆማ መመቸቱ ክፉ ጎኑ ነው፤ ናፍቆት አይገባውም። መነሻው ግን ትክክል ነበር፤ ያየ ሰው ዝምታው የግሉ አይደለም።

እዚህ ላይ ሽምግልናችንን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም፤ በሱም ላይ ያለኝን ቅሬታ አልደብቅም። ሽማግሌ ጠብ አብርዶ፣ ደም አድርቆ፣ ካሣ አስከፍሎ አገር ያቆየ ተቋም ነው። ይሁንና ብዙ ጊዜ የሚቸኩለው ወደ ዕርቁ ነው። «አንተም ተው፣ አንተም ተው» ይባላል፤ ማን ምን እንዳደረገ ሳይነገር ጉልበት ይሳማል። የጀልባዎቹ ችሎት በዚህ በኩል ተቃራኒ ነው፤ አስቀድሞ የሚጽፈው የተረጋገጠውን ፍሬ ነገር ነው፤ ነፋሱ ከየት ነበር፣ ማን በየትኛው ጎን ነበር፣ ስንት ርቀት ቀርቶ ነበር። ከዚያ ደንቡን፣ ከዚያ ፍርዱን። ይግባኝ ቢጠየቅም ስለ ደንቡ አተረጓጎም እንጂ ስለ ፍሬ ነገሩ አይከራከሩም፤ የእኛ ሰበር ሰሚ ችሎት የሕግ ስሕተትን ብቻ እንደሚያየው ማለት ነው። እውነቱ ሳይታወቅ የወረደ ዕርቅ ያጠፋውን ሰው ከንስሐ ያስቀረዋል፤ ኃጢአቱን ያልተናገረ ሰው የንስሐ አባቱ በምን ላይ ቀኖና ይሰጡታል? ሁለት ጊዜ የሚዞረው ጀልባ አስቀድሞ «አዎ፣ እኔ ነኝ» ብሏል። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲም እውነት ማፈላለግን ከምሕረትና ከዕርቅ ጋር አብሮ ያስቀመጠው ያለ ነገር አይደለም። በተግባር ቅደም ተከተሉ እንዳይገለበጥ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ሙግት አፍቃሪ ያደርገናል፣ ድሮም ለመሬት ሙግት በቅሎውን የሸጠ ሕዝብ ነን የሚል ይኖራል። ትክክለኛ ፍርሃት ነው። ፕሮቴስት ግን ለነገረኛ የማይመቸው በጊዜ ስለታጠረ ነው። ጩኸቱ ወዲያውኑ መሆን አለበት፤ ማታ እራት ላይ ትዝ ያለው በደል አይሰማም። ክሱም የመጨረሻው ጀልባ ከገባ በኋላ፣ የውድድሩ አዘጋጆች ሌላ ካልወሰኑ በስተቀር፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ ይገባል። ከዚያ በኋላ ነገሩ ያለቀ ነው። በየቤታችን ሠላሳ ዓመት የቆዩ ቂሞች አሉ፤ በዕለቱ «በሕግ አምላክ» ባለመባላቸው የቆዩ ናቸው። ወንጌሉ ከባላጋራህ ጋር ገና በመንገድ ሳለህ ፈጥነህ ተስማማ ማለቱ፣ ሐዋርያውም በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ ማለቱ፣ ዝም በሉ ማለት አይመስለኝም። ቶሎ ተናግሮ ቶሎ መጨረስን ነው የሚያዙት። ወንድምህ ቢበድልህ ብቻህን ሆነህ ንገረው፣ ካልሰማ ምስክር ጨምር፣ ካልሰማ ለጉባኤ ንገር የሚለው የማቴዎስ ወንጌል 18ኛ ምዕራፍም ከ«ፕሮቴስት» ጩኸት እስከ ችሎት ያለውን መንገድ ሳይቀር ያሳያል፤ በየትኛውም ደረጃ ላይ «ተወው» አይልም።

በኅሊና ላይ ብቻ ተማምኖ ሕግ ማስከበር ሞኝነት ነው የሚለው ተቃውሞም አለ። እውነት ነው፤ በትልልቆቹ ውድድሮች፣ በተለይ ሁለት ጀልባዎች ብቻ በሚገጥሙባቸው፣ ዛሬ ዳኞች በሞተር ጀልባ እየተከተሉ እዚያው ውኃው ላይ ይፈርዳሉ። ኅሊና ይዋሻል። ነገር ግን ደንቡ የተማመነው በአጥፊው ኅሊና ብቻ አይደለም፤ በተበዳዩ ጩኸትም፣ በተመልካቹ ምስክርነትም፣ በችሎቱም ነው። አራቱ አንድ ላይ ሲቆሙ ነው ሥርዓቱ የሚሠራው። ከአራቱ በቀላሉ የሚፈርሰው ደግሞ የአጥፊው ሐቀኝነት ሳይሆን የተበዳዩ ድፍረት ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ ግን ይህኛው ነው፤ ጩኸት የሚሰማው እኩያ ለሆነ ሰው ብቻ ነው። በውድድር ላይ የመጨረሻው ጀልባ የኦሎምፒክ ባለሜዳሊያውን ከስሶ ሊያስቀጣው ይችላል፤ ችሎቱ ፊት ሁለቱም አንድ ናቸው። ጣና ላይስ? ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለ፣ ከሱ የሚወጣው ዓባይም ጢስ ዓባይ ላይ በፏፏቴ የሚወድቅ ስለሆነ፣ ከባሕር ተነሥቶ የሚደርስበት መርከብ የለም፤ የ1972ቱ ደንብ ደግሞ የተጻፈው ለባሕርና የባሕር መርከብ ለሚዘልቅበት ውኃ ነው። ጣና ላይ ማን ለማን እንደሚለቅ የሚወስነው እንግዲህ በአብዛኛው ልማድና ኅሊና ይመስላል። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ፣ ወደ ክብራንና ወደ ሌሎቹ ገዳማት ምእመንና ጎብኚ የሚያመላልሰው ጀልባ ሞተር አለው። ማገዶና እህል ጭኖ በዳር በዳር የሚቀዝፈው ታንኳ ግን ከውኃው ወለል ብዙም ከፍ አይልም፤ ደንገሉም ውኃ በጠጣ ቁጥር እየከበደ ይሄዳል። ሞተሩ በፍጥነት ሲያልፍ የሚያስነሣው ማዕበል ለአንዱ ትዝ የማይለው ነገር ነው፤ ለሌላው የቀኑ ጭነት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ደግሞ ሕይወት ሊሆን ይችላል። ታንኳ በመሥራት የሚታወቁት የነገደ ወይጦ ሰዎች ለዘመናት ጎረቤቶቻቸው ማዕድ ሳይጋሯቸው የኖሩ ናቸው። ከማዕድ የተከለከለ ሰው «በሕግ አምላክ» ቢል ማን ይቆምለታል?

ይህ ተቃውሞ ክርክሬን ያፈርሰዋል ብዬ አላምንም፤ ሸክሙን ግን ወደ ሌላ ሰው ያዛውረዋል። ተበዳዩ የሚሰማ ድምፅ ከሌለው፣ የመጮኽ ግዴታው ያየው ሰው ላይ ይወድቃል። በጀልባው ላይ የተቀመጠው መንገደኛ፣ ማዕበሉ ታንኳውን ሲያናውጠው አይቶ ፊቱን የሚያዞረው ምእመን፣ የሚተወው የራሱን መብት አይደለም። ድሃውን «ለእግዜር ስጠው» ብሎ መምከር ደግሞ ከዝምታም ይከፋል፤ መካሪው ያልከፈለበትን ትዕግሥት ከሌላው ላይ ያስከፍላልና። ባለ ጉልበቱ ያለ ክስ ሊለቅ ይገባዋል፤ ካልለቀቀ የሚጮኸው እኩያው ይሁን።

መተው የሚያምርበት ጊዜ የለም ማለቴ ግን አይደለም። በ1988 (እ.ኤ.አ.) የሴኡል ኦሎምፒክ የሸራ ውድድር በፑሳን ሲካሄድ ካናዳዊው ሎረንስ ለሚዩ በፊን ጀልባዎች ምድብ በአንዱ ዙር ሁለተኛ ሆኖ ይገሠግሥ ነበር፤ ሸራው ሳይጎድለው፣ ነፋሱ ሳይከዳው። ነፋሱ በርትቶ በሌላ ምድብ የሚወዳደሩ የሲንጋፖር ሰዎች ጀልባ ተገልብጦ ባሕር ውስጥ መግባታቸውን ሲያይ ግን መስመሩን ጥሎ ሄደ፤ አወጣቸው፣ የነፍስ አድን ጀልባ እስኪረከባቸው ጠበቀ፣ ከዚያ ብዙዎች ካለፉት በኋላ ውድድሩን ጨረሰ። ይህ መተው ነው፤ የተወው የራሱን ነው፣ ያተረፈውም የሌላውን ነው። ደንቡም ለዚህ ቦታ አለው፤ በአደጋ ላይ ያለን ሰው መርዳት የመጀመሪያው ግዴታ ነው፣ ለዚህ ሲል ደረጃ ያጣ ተወዳዳሪም ማካካሻ ይጠይቃል። ዓለም አቀፍ ዳኞቹ ሁለተኛነቱን መለሱለት፤ የኦሎምፒክ ኮሚቴውም የፒየር ደ ኩበርተን ሜዳሊያ ሰጠው። በጠቅላላው ውጤት ሜዳሊያ አላገኘም።

ጣና ላይ ለሞተር ጀልባ ባለቤቶች፣ ለሐይቁ ትራንስፖርት ኃላፊዎችና ለገዳማቱ አስተዳዳሪዎች የምለው አጭር ነው። ሞተር ለታንኳ ይለቃል፣ ታንኳ አጠገብም ፍጥነት ይቀንሳል የሚል ደንብ በግልጽ አማርኛ ተጽፎ በየወደቡ ይለጠፍ፤ ባለ ታንኳውም መንገደኛውም ክስ የሚያቀርቡበት ሰው በስም ይታወቅ። ደንቡ እስኪጻፍ ድረስ፣ በጀልባው የተሳፈራችሁ ሁሉ፣ ነጂው ታንኳ አጠገብ ሳይቀንስ ሲያልፍ «በሕግ አምላክ» በሉት።